ከደረጃው ጀርባ የሚነፋው ሰው

ሴትዮዋ ደረጃውን ስትወርድ ከኋላዋ ትሮምቦን የሚነፋው ሰው ማን ነበር?

ኖላዊት ጥያቄውን መጀመሪያ ለራሷ፣ ቀጥላም ለረምዚ አቀረበችው። ረምዚ አጠገቧ ተቀምጦ የሌላ ፊልም ድምፅ እያጠራ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «የሞተ ሰው ነዋ» አለና ሥራውን ቀጠለ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሃምሳ አምስት ነው። ሁለቱ የሚሠሩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ድሮ የባቡር መጠገኛ በነበረ አዳራሽ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው የመሥሪያ ቤቱ ስም ከመርዘሙ የተነሣ እስከ መጨረሻው ያነበበው የለም፤ የከተማው ሰው በደፈናው «ወፍጮ ቤት» ይለዋል፣ ሠራተኞቹም እንደዚያው። አሮጌ ፊልሞች ከየአገሩ እየተሰበሰቡ እዚህ ይመጣሉ። ንግግሩ ለብቻ፣ የእግር ኮቴውና የበሩ መንኳኳት ለብቻ፣ ሙዚቃው ለብቻ ይለያል። ንግግሩና ኮቴው ወደ ፊልሙ ይመለሳል፤ ሙዚቃው ይፈጫል። አንዴ ከተፈጨ ማን እንደሠራው፣ ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም። ዱቄት ሆኖ ጎተራ ይገባል፤ ከዚያም ለየሰዉ ልኬ እየተቦካ ይጋገራል።

ልኬ ሰው ስድስት ዓመት ሲሞላው ጆሮው ውስጥ ትገባለች። የደሙን አካሄድ፣ የእርምጃውን ፍጥነት፣ ያደረበትን ቅያሜ ሳይቀር እየሰማች የራሱን ሙዚቃ ትሠራለታለች። አንዱ የሰማውን ሌላው አይሰማውም፤ ዛሬ የተሰማው ነገ አይደገምም። ባጃጅ ውስጥ ሦስት ሰው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ሲቀመጥ አንዱ ራሱን ዝግ እያለ ይነቀንቃል፣ ሌላዋ ጣቷን በጥድፊያ ታንኳኳለች፣ ሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ እንባው ይወርዳል፤ ሹፌሩ ደግሞ ትከሻውን ይሰብቃል። ማንም ማንን ምን ሆነሃል አይልም። ኖላዊት በቅርቡ ሳቢያን ሰፈር ሠርግ ተጠርታ ሄዳ፣ ጭፈራው ሲደምቅ ልኬዋን ከጆሮዋ አውጥታ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው ይጨፍራል፤ የሚሰማው የጫማ መፋተግና የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሙሽራውና ሙሽሪት እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እሱ ባንድ ምት እሷ በሌላ ምት እስክስታ ይወርዳሉ። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። ኖላዊት ቶሎ ብላ መልሳ አደረገቻት።

እንደዚህ ዓይነት ነገር መታዘብ ልማዷ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቷ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታ ታሊን የምትባል የበረዶ ከተማ ተላከች፤ ድምፅ ተምራ፣ ሠርታ፣ በሠላሳ ዓመቷ ተመለሰች። ለምን ተመለስሽ ሲሏት ለአንዱ ሙቀት ናፍቆኝ፣ ለሌላው ሥራ አግኝቼ ትላለች፤ ሁለቱም እውነት አይመስሏትም። ከአውሮፕላን በወረደች ዕለት ልኬዋ ሳትጠየቅ ክራር ጨመረችላት። ክራሩ ያምራል፣ አንጀት ይበላል። ኖላዊትን ያስጨነቃት ማን እንዳዘዘው አለማወቋ ነው። አገር ቤት መግባቷን ከእሷ ቀድሞ የወሰነላት ያለ ይመስላታል።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። መጀመሪያው ተቃጥሎ ርዕሱም የሠሪዎቹ ስምም ጠፍቷል፤ ስለዚህ ወፍጮ ቤት ውስጥ «ባለደረጃዋ» ይሉታል። ነጭ ጓንት ያደረገች ሴት የአንድ ትልቅ ፎቅ ደረጃ ትወርዳለች። አትናገርም፣ አታለቅስም፣ ፊቷም ብዙ አይታይም። አንድ ሰው ከበሮውን በሽቦ መጥረጊያ ይዳብሳል፣ ባስ ከሥር ወፍራም ክሩን ይጎትታል፣ ፒያኖው ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ይመስል በጎን ይገባል፤ ከዚያ ትሮምቦኑ ይመጣል። በአንቺሆዬ ነው የሚሄደው፤ ግን አንቺሆዬን እንደ ጃዝ ነፊ እያንሸራተተ፣ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ መካከል ላይ እየቆመ፣ ሊደርስ ሲል እየተወው። ማጥሪያው ማሽን እነዚያን መካከለኛ ድምፆች ሁሉ ስሕተት ብሎ ቀይ አስምሮባቸዋል። ሴትዮዋ የመጨረሻውን ደረጃ ወርዳ በሩን ከፍታ ከወጣች በኋላ እንኳ ትሮምቦኑ ጥቂት ይቆያል፤ ባዶውን ደረጃ ብቻውን የሚያየው እሱ ነው።

ኖላዊት መጀመሪያ ስትሰማው ተናደደች። ለምን እንደተናደደች የገባት ደጋግማ ከሰማችው በኋላ ነው። ይህ ሙዚቃ እሷ መኖሯን አያውቅም። ስታዝን አይዘገይላትም፣ ስትሰለች አይፈጥንላትም፣ ጆሮዋን ብትነፍገው አይቀየምም። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እሷን እየተከተለ ሲያስታምማት ከኖረ ድምፅ በቀር ሌላ ሰምታ አታውቅም፤ የሌላ የነበሩት አዛንና ቅዳሴ፣ ሥራ ላይም ቆራርጣ የምትለያቸው ቁርጥራጮች ብቻ ነበሩ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እሷ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ማታ ቤቷ ገብታ ልኬዋ ክራሯን ስትጀምርላት፣ የዚያ ነፊ ግዴለሽነት ይናፍቃት ጀመር። ይህም ራሱ አጠራጠራት፤ ከውጭ የመጣ ሰው አሮጌ ነገር ሁሉ ዕንቁ ይመስለዋልና የሷም ያው እንዳይሆን ሠጋች።

ስለዚህ ረምዚን አሰማችው። በአዳራሹ ማጉያ፣ ልኬውን አስወጥታ። ረምዚ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማ።

«ይሄ ሰውዬ እኔን አያውቀኝም» አላት። «መጥፎ ነው አላልኩም። ግን ምን እንዲሰማኝ እንደሚፈልግ አልገባኝም።»

«ምንም እንዲሰማህ አይፈልግ ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን ይነፋል?»

ኖላዊት የቀዩን መስመር ዳር በጣቷ ተከተለች። ረምዚ አዘነላት መሰለኝ፣ «አቦ ታሊን፣ አንቺ ውርጭ ነው የለመድሽው። ሙቀቱ ራስሽ ላይ ወጥቶ ነው» አላት። ታሊን ብሎ ነው የሚጠራት፤ ስሟን የሚያነሣው ሲጣሉ ብቻ ነው።

ነገሩ በዚያ ሊቀር ይችል ነበር። ግን በዚያው ጊዜ ማጉያው ሳይዘጋ ቆይቶ ኖሮ፣ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ የነበረው ዝምታ አለቀና የትሮምቦኑ መጨረሻ ተደግሞ፣ የሴት ድምፅ አስከትሎ መጣ። የመጨረሻው የትሮምቦን ድምፅ ገና አየር ላይ እያለ ሴትዮዋ፣ «ዘርጋው፣ ኧረ ባቡሩ ይሄድብሃል» ትላለች፤ ከዚያ ትስቃለች። ሆዷን ይዛ የምትስቅ ነው የሚመስለው። አንድ ወንበር ይንቋቋል፤ ያበቃል። የፊልሙ አይደለም፣ ሲቀዳ በትርፍ የገባ ነው።

ዘርጋው፣ ባቡር። ዘርጋው የሰው ስም ነው፤ ባቡር ደግሞ ለድሬዳዋ ሰው አንድ ቦታ ነው፣ ጣቢያው።

ወፍጮ ቤቱ አንድ ደንብ ነበረው። በአንድ ቤት የማይኖሩ ሁለት በሕይወት ያሉ ሰዎች፣ ማንም ሳይጠቁማቸው፣ «ይህን አውቀዋለሁ፣ የእገሌ ነው» ብለው ከመሰከሩለት ሙዚቃው አይፈጭም። «እንዳለ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ምልክቱ ያለበትን የማንም ልኬ አትነካውም። ምልክት የሌለው ሙዚቃ ግን ሰርቀው ቤት ቢወስዱትም፣ ከወፍጮ ቤት ውጭ ሙዚቃ የሚያሰማ ማጉያ ስለሌለ በልኬ በኩል ብቻ ይሰማል፤ ልኬም እንደ ሰሚው አድርጋ ታበጃጀዋለች። ኖላዊት ሞክራው ነበር። ትሮምቦኑ እቤቷ ሲደርስ ክራር ሆነ።

የሰኔው ፍጭት እየቀረበ ነበር። ባለደረጃዋ በዚያ ፍጭት ተራ ላይ ነበረች።

የድሮ የባቡር ሠራተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች እድር እስካሁን አለ። ኖላዊት የእድሩን ዳኛ ሄዳ ጠየቀች። ሰውዬው ዘርጋው የሚባል ነፊ ሰምቶ አያውቅም፤ ዘርጋው ኢብሳ የሚባል የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ግን እንደነበር ከአባቱ ሰምቷል። ልጁ እማማ ትርንጎ ከጣቢያው ጀርባ፣ አረንጓዴ መስኮት ያለው ቤት ውስጥ እንደሚኖሩ ነገራት።

እማማ ትርንጎ ዘጠና አልፏቸዋል። ኖላዊት ስትደርስ በረንዳቸው ላይ እግራቸውን በሳፋ ውሃ ነክረው ተቀምጠው ነበር። ሰላምታዋን ተቀብለው፣ ከላይ እስከ ታች ካዩዋት በኋላ፣ «እንደ ድሮ ራዲዮ ነው የምታወሪው» አሏት። «የማን ልጅ ነሽ?» የማን ልጅ እንደሆነች፣ የት እንደኖረች፣ አገሩ ይበርድ እንደሆነ፣ ባል እንዳላት ጠየቋት፤ ለሁሉም መለሰች። የነፊውን ስም ሳትጠራ ለምን እንደመጣች ስትነግራቸው ግን እግራቸውን ከሳፋው አወጡ።

«ስለ አባቴ የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ ልጄ። ዜማውን ግን እንዳታሰሚኝ። ግዝት አለብኝ።»

ከዚያ ታሪኩን ነገሯት፤ ሲነግሯት ድምፃቸው አልተለወጠም።

አባታቸው በሥራ ቀን ትኬት ይበሳ፣ በእረፍቱ በባቡር ሠራተኞች ክበብ ትሮምቦን ይነፋ ነበር። አንድ የአዲስ አበባ ሰው ፊልም ሊሠራ ሙዚቃ ፈልጎ ሲመጣ ያንን ዜማ ባቡር ላይ ሆኖ፣ በአፉ እያፏጨ ሠራው። ከፊልሙ በኋላም ዜማው አልተወውም። ከጅቡቲ ሲመለስ ከመንገዱ ማጠፊያ ጀምሮ ያፏጨዋል፤ እናታቸው ፉጨቱን ስትሰማ የያዘችውን ሁሉ ትጥልና በር ትከፍታለች። በሁከቱ ዘመን አንድ ቀን ወደ ጅቡቲ ሄደና አልተመለሰም። ባሕር ተሻግሯል ያለ አለ፤ መንገድ ላይ ወስደውታል ያለ አለ። ትርንጎና ታናሽ ወንድሟ ንጋቱ ልጆች ነበሩ፤ ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ ዜማውን ያፏጩታል። ሴት ልጅ አታፏጭም ቢባልም ትርንጎ ከወንድሟ ትበልጥ ነበር። ባፏጩ ቁጥር እናታቸው ከውስጥ ተነሥታ በሩን ትከፍታለች። አንድ ቀን በሩን ከፍታ ቆማ ልጆቹን አየች። አልመታቻቸውም። ጠርታ አንበረከከቻቸውና፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንን ዜማ በአፋችሁ ብታደርጉት፣ በጆሯችሁ ብትሰሙት አጥንቴ ይውጋችሁ ብላ ገዘተቻቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ዜማውም ስለ ሰውዬውም አንድ ቃል ሳትተነፍስ ኖራ ሞተች።

«እናትዎ ካረፉ እኮ ስንት ዘመን ሆናቸው» አለች ኖላዊት።

«እሷ ሞተች እንጂ ቃሏ መች ሞተ።»

ኖላዊት ሙዚቃው ሊፈጭ መሆኑን፣ የሚያድነው የሁለት ሰው ቃል ብቻ እንደሆነ አስረዳቻቸው። አሮጊቷ ሳቁ። እሳቸውም ለመፈጨት ተራ መያዛቸውን፣ ማንም ምስክር እንዳልፈለገላቸው ነገሯት። ንጋቱ በሕይወት እንዳለ ግን ሳትጠይቃቸው ነገሯት። ፈረንሳይ አገር፣ ማርሴይ፣ ከልጅ ልጁ ጋር ይኖራል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ስልክ አያነሣም፤ መልእክት ግን ይሰማል፣ ደስ ሲለውም በቀኑ ወይ በማግስቱ ይመልሳል።

ኖላዊት በባጃጅ ስትመለስ የረምዚን ጥያቄ እያሰበች ነበር። አሁን መልስ ሳታገኝለት አልቀረችም። ያ ሰው የነፋው በር እንዲከፈትለት ነው። ልኬዋ ሐዘኗን አውቃ ዝግ ያለ ነገር ጀመረች፤ ኖላዊት አውጥታ ኪሷ ውስጥ ከተተቻት።

ጥቂት ቀናት ቆይተው እማማ ትርንጎ አስጠሯት። የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው ነበር። ግዝት ይፈታል፣ አንድ ሱባኤ ያዙ ብለዋቸዋል፤ በዚያ ዕድሜያቸው ሰባቱን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ ሊጸልዩ ነው። ኖላዊት ለመነቻቸው። መጀመሪያ ይስሙትና ይመስክሩ፣ በኋላ ይጾማሉ፤ ሱባኤው ሲያልቅ ፍጭቱም ሊያልቅ ይደርሳል አለች። ያን ጊዜ ታሊን ያሉ ጓደኞቿ ቢያዩዋት ምን እንደሚሏት አሰበች፤ ካንዲት አሮጊት ጋር የሞተች ሴት ቃል ከመቼ ጀምሮ እንደሚፈታ እየተከራከረች ነው።

«ልጄ፣ እግር ሳይታጠብ አልጋ አይወጣም» አሏት። ክርክሩ በዚሁ አበቃ።

ሱባኤው እስኪያልቅ ኖላዊት በየቀኑ ሥራ ስትወጣ በበረንዳው በኩል ታልፋለች። አይነጋገሩም፤ እሳቸው ዳዊታቸውን ይዘው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጉላታል፣ እሷም ዝቅ ታደርጋለች። ወፍጮ ቤት ውስጥ የሰኔው ፊልሞች አንድ በአንድ ወደ መፍጫው ይሄዳሉ። ረምዚ ያለ ምንም ማብራሪያ ባለደረጃዋን ከመደርደሪያው አንሥቶ መጨረሻው ላይ አስቀመጣት። ኖላዊት አየችው፤ እንዳላየች ሆነች።

ሱባኤው በተፈጸመ ማግስት እማማ ትርንጎ ነጭ ለብሰው በባጃጅ መጡ። ረምዚ እጃቸውን ይዞ አስገባቸው፤ እጃቸውንም ሳመ። ልኬያቸውን አውጥተው መሐረባቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት። ፊልሙን ማየት አልፈለጉም፤ ድምፁን ብቻ አሉ።

ከበሮው ተዳበሰ፣ ባሱ ተጎተተ፣ ፒያኖው ገባ። ትሮምቦኑ ሲመጣ አሮጊቷ ፊታቸው ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ካለቀ በኋላ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል፣ «አፍጥኖታል። ሲያፏጨው እንዲህ አያፈጥነውም ነበር» የሚል ነው። ያኔ ነው ዝምታው አልፎ የሴትዮዋ ድምፅ የመጣው። ዘርጋው፣ ኧረ ባቡሩ ይሄድብሃል። ሳቁም ተከተለ።

እማማ ትርንጎ እጃቸውን አነሡ፤ ረምዚ አቆመው።

«ይቺ እናቴ ናት» አሉ። ቀጥለው፣ «ስትስቅ እንዲህ ነበረች እንዴ?» ብለው ጠየቁ፤ ረምዚን ነው የጠየቁት፣ ኖላዊትን ነው፣ አልታወቀም። እንዲደገምላቸው አልጠየቁም። ምስክርነታቸውን ግን እዚያው ቆመው ሰጡ፤ አውቀዋለሁ፣ የአባቴ የዘርጋው ኢብሳ ነው አሉ።

ሁለተኛው ምስክር ንጋቱ ነው። ሙዚቃውን መላክ ጥቅም የለውም፤ እሱ ጆሮ ሲደርስ የእሱ ልኬ ትለውጠዋለች። የዘመድ ድምፅ ግን ልኬ አትነካውም፣ ከሰው አፍ የወጣ ፉጨትም እንደ ድምፅ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ እማማ ትርንጎ ማፏጨት ነበረባቸው። ኖላዊት ደንቡን አጥብቃ ነገረቻቸው፤ ለምስክር አይጠቆምም፣ አንድም ቃል አይጨመርበት፣ የአባታችን ነው ከተባለ ይሰረዛል። እሳቸውም ቃል ልጨምር ቢሉ ድምፃቸው እንደማይታዘዝላቸው ነግረዋት ተስማሙ።

ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ረምዚ ውሃ አመጣላቸው። እንደገና ሞከሩ፤ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ ነገር መጣ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ማሽኑ ቀይ ያሰመረባቸውን መካከለኛ ድምፆች አንዱንም አልዘለሉም። አላፈጠኑትም። ሲጨርሱ ኖላዊት ላከችው።

ከንጋቱ ስም ጎን ያለችው ነጥብ በዚያው ከሰዓት በኋላ ቀለሟን ለወጠች። ሰምቶታል ማለት ነው።

መልስ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። እማማ ትርንጎ ግን የግዝቱ ነገር ከላያቸው ስለወረደ መሰለኝ፣ ግቢያቸውን ሲጠርጉ ያፏጩ ጀመር። አንድ ጎረቤት አጥር ላይ ቆሞ የማን ልኬ ናት ድምፅ የምታፈሰው ብሎ እንደተቆጣ ኖላዊት በኋላ ሰማች። እሳቸውም የኔ ናት፣ አሮጌ ስለሆነች ነው ብለውት ገቡ።

ቀናት አለፉ። ኖላዊት ነጥቧን ከሥራ በፊት ታያለች፣ ከምሳ በኋላ ታያለች። የሰኔው ፍጭት ሊያበቃ ሲል፣ በመጨረሻው ቀን ጧት፣ እማማ ትርንጎ ሳይጠሩ ወፍጮ ቤት መጡ። ባጃጅ አጥተው ይሁን ቸኩለው፣ በእግራቸው ነበር የመጡት። ረምዚ ወንበር ቢያቀርብላቸው አልተቀመጡም።

«ተሳስተናል፣ ልጄ» አሉ።

«ምን ሆኑ፣ እማማ?»

«ንጋቱ ግዝቱ መፈታቱን በምን ያውቃል? ሱባኤ የያዝኩት እዚህ፣ የተፈታው እዚህ። እሱ የሰማው እህቱ በስተርጅናዋ የእናቷን ቃል ጥሳ ስታፏጭ ነው። አውቀዋለሁ ብሎ ቢመልስ ሰምቻለሁ ማለቱ አይደል? እንዴት ይመልስ?»

አንድም ቃል አይጨመርበት ያለችው ኖላዊት ናት። ታሊን ያስተማራት ጥንቃቄ ለምስክር ነው የሚበጀው፤ ምስክሩ ወንድም መሆኑን አላሰበችም። ደንቡን በአእምሮዋ መላልሳ አየችው። ስለ ዜማው እስካልተናገሩ ድረስ ስለ ግዝት መናገርን የሚከለክል ነገር አልነበረበትም። መጀመሪያም አልነበረበትም።

እማማ ትርንጎ እንደቆሙ ተናገሩ፣ ኖላዊት ቀዳችው።

«ንጋቱ፣ እኔ ነኝ፣ ትርንጎ። ግዝቱ ተፈቷል። ላንተም ጭምር ነው የጾምኩት። እማማን አልበደልናትም። አሁን መመለስ ትችላለህ።»

ላከችው። ከዚያ ሦስቱም ተቀመጡ። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ በረታ፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ ረምዚ ጫቱን እንኳ አላወጣም። የወፍጮ ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ሁለት ጊዜ ደውሎ ባለደረጃዋ ለምን እንደዘገየች ጠየቀ። ረምዚ አንደኛውን ጊዜ ማሽኑ ግሏል አለ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ስልኩን ዘጋው። ወደ ማምሻው መፍጫው በራሱ ጊዜ ተነሣ፤ ያልሰጡትንም ከመደርደሪያው ለይቶ የሚወስድበት ሰዓት ነበር። ብዙ አይጮህም። ከሩቅ ለሚሰማው ሰው ማንቆርቆሪያ የሚፈላ ይመስላል።

የእናትየዋ ቃልና ሳቅ የሰው ድምፅ ስለሆነ አይፈጭም፤ ረምዚ ለይቶ አወጣውና ለእማማ ትርንጎ ላከላቸው። ከሥሩ የነበረው የመጨረሻው የትሮምቦን ድምፅ ግን ከሳቁ ላይ ተልጦ ሄደ። ሳቋ ቀረ፣ ያሳቃት የለም።

ባለደረጃዋ በነሐሴ ለሕዝብ ቀረበች። ሰዉ ወደዳት። ኖላዊትም አንድ ምሽት ቤቷ ተቀምጣ አየቻት። ነጭ ጓንት ያደረገችው ሴት ደረጃውን ስትወርድ ክራር ዝግ ብሎ ጀመረ፤ ኖላዊት ወዲያው እንባዋ መጣ። ሴትዮዋ ለምን እንደምትወርድ፣ ወዴት እንደምትሄድ፣ ምን ያህል እንዳዘነች ሁሉም ነገር ግልጽ ሆኖ ታያት። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ስትወጣ ሙዚቃው አብሯት ወጣ። ባዶውን ደረጃ የሚያይ ማንም አልነበረም።

ፊልሙን አቁማ ለንጋቱ የተላኩትን መልእክቶች ከፈተች። ሁለተኛውም መልእክት ደርሷል። ነጥቧ ከፍጭቱ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት፣ ቀለሟን ለውጣለች፤ ማርሴይ ውስጥ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ሰምቶታል። ከነጥቧ በታች፣ መልስ በሚጻፍበት ቦታ፣ ምንም የለም።